ቤቴን የት አደረስከው?

ቆቦ ገበያ በሬ የሚገዛ ሰው አይቸኩልም። ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል፣ ሻኛውን ይዳብሳል፣ ወዲያና ወዲህ ያስነዳዋል፣ እግሩን ይጎትት እንደሆን ጎንበስ ብሎ ያጣራል። ከዚያ የማይሆን ዋጋ ጠርቶ ጥሎ ይሄዳል። ሻይ ጠጥቶ ይመለስና ጥርሱን እንደገና ያያል፤ እሱ ሻይ ሲጠጣ በሬው ያረጀ ይመስል። ካሜራ የሚገዛ ሰው ግን አዲስ አበባ ድረስ ተሳፍሮ፣ ሱቅ ገብቶ፣ ከመስታወቱ ጀርባ ያለውን በጣቱ ይጠቁምና ሻጩ አውጥቶ ሲያቀብለው ወደ ጣሪያው አንዴ ቀጭ ያደርጋል። የሱቁ አምፖል ፎቶ ይወጣል። "አሪፍ ነው አይደል?" ይላል ሻጩ። "አሪፍ ነው" ይላል ገዢው። ብሩን ቆጥሮ ይወጣል። የአንድ ደህና በሬ ዋጋ ለአንድ አምፖል ፎቶ!

እኔ ካሜራ የምገዛው እንደ በሬ ገዢ ነው ብዬ ከራሴ ጋር ተማምያለሁ። ደግነቱ ዕድሉ ቤቴ ድረስ መጣ። ከጅዳ የተመለሰው የአክስቴ ልጅ ከሻንጣው በፎጣ የተጠቀለለ ካኖን 100ዲ አወጣ። አብረውት ሁለት ሌንሶች ነበሩ፤ አንዱ ከካሜራው ጋር የሚሸጠው ባለ 18-55 ሚሊሜትር፣ ሌላው ባለ 50። "ሽጬው ባጃጅ መግዣ ላይ እጨምረዋለሁ" አለኝ። "መጀመሪያ ልሞክረው" አልኩት። ዘመድ ነኝና እምቢ ሊለኝ አልቻለም፤ ዘመድ ነኝና ሊያምነኝም አልቻለም። "በል እስከ ሶለል ማግስት ያዘው። ብቻ ልጆች እጅ እንዳይገባ" ብሎ ማንገቻውን አንገቴ ላይ አጠለቀልኝ።

ሶለልን ለማያውቅ፣ ነሐሴ 16 ቀን ፍልሰታ ሲፈታ የራያ ቆቦ ልጃገረዶች ከበሮ ይዘው እየዘፈኑ የሚዞሩበት በዓል ነው። ላስታ አሸንድዬ፣ ዋግ ሻደይ፣ ትግራይ አሸንዳ ይሉታል። ለካሜራ ከዚህ የከበደ ፈተና አይገኝም፤ ነጭ ነጠላ፣ ጥልፍ ቀሚስ፣ የሚያብረቀርቅ ድሪ፣ የሚዘል ሰው፣ ከእግር ስር የሚሹለከለክ ሕፃን፣ ጠዋት ደመና፣ ቀትር ላይ አናት የሚበሳ ፀሐይ።

ስለ ዕቃው ትንሽ ልበል። 100ዲ በመጋቢት 2005 ዓ.ም. ሲወጣ ካኖን ያን ዓይነት ሴንሰር ካላቸው ዲኤስኤልአሮች ሁሉ ትንሹና ቀላሉ ነው እያለ ነበር ያስተዋወቀው። ባትሪውና ሚሞሪው ገብቶበት 407 ግራም ይመዝናል፤ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ምስሉ 18 ሜጋፒክስል ነው። ዛሬ ፋብሪካዎቹ ፊታቸውን መስታወት ወደሌላቸው ካሜራዎች አዙረዋል። እንደ 100ዲ ያሉት ባለ መስታወቶቹ ከእጅ ወደ እጅ መዞር ጀምረዋል፤ ጅዳ ላይ ፋሽን ያለፈበት ዕቃ ቆቦ ሲደርስ አዲስ ነው። እኔም ከስልኬ ያጣሁትን አንድ ነገር ከሱ ፈልጌ ነበር። በቴሌግራም የሚዘዋወሩትን የአዲስ አበባ ሙሽሮች ፎቶ አይታችኋል? ፊታቸው ጥርት ብሎ፣ ከኋላቸው ያለው ዛፉም ግንቡም መኪናውም ቀልጦ ቀለም ብቻ ሲሆን! እሱን ነበር የፈለግኩት። በጥር ሰርግ እየዞርኩ እንደዚያ ባነሳ የመምህር ደሞዝ ወር ከወር ይደርስ ይሆናል የሚል ሐሳብም ነበረኝ።

የመጀመሪያው ፈተና ሰማይ ነው። አሮጌ ካሜራ ሴንሰሩ ላይ አቧራ ይቀመጥበታል፤ አቧራው የሚታወቀው ደግሞ የሌንሱ ቀዳዳ በጣም ጠብቦ፣ ለምሳሌ ኤፍ 22 ላይ፣ ባዶ ሰማይ ሲነሳ ነው። ስለዚህ አንድ ማለዳ በራችን ላይ ቆሜ ካሜራውን ወደ ላይ አንጋጥጬ ምንም የሌለበትን ሰማይ ደጋግሜ አነሳሁ። ከመስጊድ የሚመለስ አንድ ጎረቤቴ ቆም አለ። በዚያ ሰሞን ዝናቡ ተቆራርጦ፣ ማሽላው ጉልበት ላይ ደርሶ ቀጥ ብሎ፣ ሰው ሁሉ ሰማይ ሰማይ የሚያይበት ጊዜ ነበር።

"ቲቸር፣ ምን ይላል?"

ምስሉን አጉልቼ እየመረመርኩ ስለነበር ቀና ሳልል "ነጠብጣብ አለበት" አልኩት።

"አልሃምዱሊላህ!" ብሎ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ።

ላስረዳው ብል ይሻላል ወይስ ዝም? ዝም አልኩ። ከሰዓት በኋላ እውነትም ዝናብ ጣለ። ከዚያ ወዲህ ጎረቤቴ የካሜራው ጉዳይ ሲነሳ "ግዛው፣ ግዛው፣ ዕቃው የዋዛ አይደለም" የሚል ወገን ሆነ።

ሌሎቹን ፈተናዎች በአጭሩ ልለፋቸው። የሌንሱን ክዳን ሳልከፍት ሌሊት ለብዙ ሰከንድ አንስቼ በጨለማ የሚያበራ ብልሹ ፒክስል ፈለግኩ፤ አላገኘሁም። ሌንሱን ወደ ባትሪ መብራት አድርጌ ሻጋታ ፈለግኩ፤ የለም። ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ ማወቅ ግን አልሆነልኝም። ኒኮን ቁጥሩን ከፎቶው ፋይል ጋር ይጽፈዋል፤ የካኖንን ለማወቅ ግን ኮምፒውተርና ልዩ ፕሮግራም ያስፈልጋል። የአክስቴ ልጅ "ወላሂ ሁለት ሰርግ ብቻ ነው ያነሳሁበት" ብሎ ምሏል። የስንት ቀን ሰርግ እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ሶለል ደረሰ። ካሜራዬን አንግቼ ወጣሁ። መኩራቴን አልደብቅም። ልጃገረዶቹ ከሩቅ አይተው ከበሯቸውን እየደለቁ መጡ፤ ቀርበው ሲያዩኝ ግን ቀዘቀዙ።

"ካሜራው ይሄ ነው?" አለች ከበሮ ያነገተችው።

"ይሄ ነው።"

"ትንሽ ናትሳ! የልጅህ ናት?"

ወዲያ ማዶ ባለ ብዙ ኪስ ሰደርያ የለበሰ፣ ሌንሱ ክንድ የሚያህል ትልቅ ካሜራ የተሸከመ የከተማችን ፎቶ አንሺ ብቅ አለ። እኔን ትተው ወደ እሱ በረሩ። ካኖን መሐንዲሶቹን አስጨንቆ ያሳነሰው ዕቃ ቆቦ ላይ ሲታይ ማነሱ ነውሩ ነው። እዚህ አገር ፎቶ አንሺ የሚከበረው በሚሸከመው ክብደት ልክ ነው፤ ላብ ያላንጠፈጠፈው ፎቶ አንሺ ምን ሠራ ተብሎ ይከፈለዋል? እውነቱን ለመናገር እጄም ቅሬታ አለው። መያዣው ለሦስት ጣት ብቻ የተሠራ ነው፤ ትንሿ ጣቴ ቀኑን ሙሉ ታች አየር ላይ ተንጠልጥላ ዋለች።

ከሌላኛው የልጃገረዶች ቡድን ጋር ግን ተስማማን። ከበቡኝ፣ ዘፈኑልኝ፣ ስሜን ጠርተው አሞገሱኝ። ሶለል ላይ ተሞግሶ ኪሱን ያልዳበሰ ሰው ደግሞ ሲሰደብ ይኖራል። ዕቃ ሳልገዛ መክፈል ጀመርኩ ማለት ነው።

ያነሳሁትን ሳይ ደነገጥኩ። ነጠላው ፏ ብሎ ይታያል፣ ድሪው ይታያል፣ ጥርስ ይታያል። ፊት የለም። ቀትር ላይ ነጭ የለበሱ ጠይም ልጆች ማንሳት ለካሜራ ከባድ ሒሳብ ነው። ካሜራው ፊቱ ያለውን ሁሉ ሲደምርና ሲያካፍል መሐከለኛ ግራጫ ይመጣል ብሎ ነው የሚያስበው። ስለዚህ ብዙ ነጭ ሲያይ ብርሃኑ በዛ ብሎ ይቀንሳል፤ የሚቀነሰው ግን ከሰው ፊት ላይ ነው። ነገሩ የዛሬም አይደለም። በፊልሙ ዘመን ኮዳክ ለአሥርት ዓመታት ፎቶ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉበት ካርድ ያድል ነበር። ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት፤ ሸርሊ ይሏታል። የሸርሊ ፊት ካማረ ሥራው አለቀ። ሸርሊ ግን ሶለል ወጥታ አታውቅም። 100ዲ ደግሞ የዲጂታል ልጅ ስለሆነ መላ አለው፤ ብርሃኑን አንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ፣ ወይም አናቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ፍላሽ በጠራራ ፀሐይ ማብራት። ፍላሹን ሳበራ አንዲት እናት "ምነው ልጄ፣ ፀሐይ አነሰህ?" አሉኝ። ፎቶውን ሲያዩ ግን "አሃ፣ ኩሏ ታየላት" አሉ። ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ወደ ጥላ ማስገባት ነበር፤ ለኔ ሥዕል ብሎ ዘፈኑን አቋርጦ ጥላ ስር የሚሰለፍ ግን አልተገኘም።

ባትሪውን በተመለከተ ፋብሪካው አንዴ ተሞልቶ 380 ያህል ፎቶ ያነሳል ይላል። ፋብሪካው ያልቆጠረው፣ ቆቦ ላይ ፎቶ ማንሳት የሥራው ትንሹ ክፍል መሆኑን ነው። ትልቁ ማሳየት ነው። አንዱን ፎቶ ተነሺዋ ታያለች፣ እህቷ ታያለች፣ ያልተነሱት መጥተው ለምን እንዳልተነሱ ያያሉ። የካሜራው ስክሪን በጣት የሚነካ ነውና ልጆች እንደ ስልክ ያገላብጡታል። የአክስቴ ልጅ አደራ ወዴት ገባ አትበሉኝ። ማምሻውን ስክሪኑን ሳየው ከዳር እስከ ዳር የጣት አሻራ፤ ፀጉር ላይ ካደረ ለጋ ቅቤ የመጣ፣ በነጠላ ቢጠርጉት እየሰፋ የሚሄድ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ወደ ባለ 50ው ሌንስ።

ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ዞብል በሚወስደው አቅጣጫ የሚኖሩ አንድ አባወራ አሉ፤ ሁላችንም አያ ነው የምንላቸው። ከጉድጓድ በሚሳብ ውሃ ሽንኩርት ያመርታሉ፤ ከሽንኩርቱና ልጃቸው ከሚልከው ገንዘብ አዲስ ቆርቆሮ ቤት ሠርተዋል። በሩ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል። ሪያድ ላለው ልጃቸው ፎቶ ሊልኩ ፈልገው በሶለል ማግስት ና አሉኝ። የሌንሱን ጥበብ የማሳይበት ቀን መጣ ብዬ ባለ 50ውን ገጥሜ ሄድኩ።

አያ ተዘጋጅተው ጠበቁኝ። አዲስ ሽርጥ፣ ነጭ ኩታ፣ ትከሻቸው ላይ አግድም ዱላ፣ ሁለት እጃቸው ዱላው ላይ። ከበሩ ፊት ለፊት ቀጥ ብለው ቆሙ። ፈገግታ የለም፤ ፎቶ ቀልድ አይደለም። እኔ 2 ሜትር ያህል ቀርቤ የሌንሱን ቀዳዳ እስከ ኤፍ 1.8 ከፈትኩት። በዚህ ርቀት ጥርት ብሎ የሚታየው ስፋት ስንዝር አይሞላም፤ ከአፍንጫቸው እስከ ጆሯቸው ቢበቃ ነው። ቀጭ። ስክሪኑ ላይ ሳየው ልቤ ዘለለ። ያ የአዲስ አበባ ሙሽሮች ፎቶ! የዓይናቸው ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ የግንባራቸው መስመር፣ ጢማቸው ውስጥ ያሉት ሽበቶች፤ ከኋላ ለስላሳ ሰማያዊ ጭጋግ። ሮጬ አሳየኋቸው።

ካሜራውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። አራቁ። እንደገና አስጠጉ።

"ቤቴን የት አደረስከው?"

"አያ፣ እሱ እኮ ነው ጥበቡ። እርስዎ እንዲጎሉ ከኋላ ያለው ይደበዝዛል።"

"እኔንማ ልጄ ያውቀኛል። የላከው ገንዘብ ምን እንደሠራ ነው ማየት የፈለገው።" ዱላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። "እግሬስ?"

እግራቸውም የለም። ከደረት በላይ ነበር ያነሳኋቸው። "ጉርድ ለቀበሌ መታወቂያ ነው እንዴ የምታነሳኝ?" አሉኝ።

ባለቤታቸው ከጓዳ ብቅ ብለው አዩትና "ሽበቱን ደግሞ አንድም አላስቀረ። ስልክ ይሻላል፤ ስልክ ያሳምራል" ብለው ተመለሱ። ልክ ናቸው። ቴክኖ ስልክ ቆዳ አለስልሶ፣ ፊት አቅልቶ፣ አሥር ዓመት ቀንሶ ይሰጣል። ይሄኛው ዕዳ እንደሚቆጥር ሰው ያለውን ሁሉ ያወጣል።

አያ ግን የሽበቱ ነገር አልቆጫቸውም። የቆጫቸው ቤቱ ነው። ደጃፉ ላይ ካለችው ድንጋይ ተቀምጠው ከኮረም ጀመሩልኝ። ከአላማጣ በላይ፣ ያን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥተው የሚደርሱባትን ኮረምን። ኬንያዊው መሐመድ አሚን የቀረጸው፣ ማይክል በርክ የዘገበው ያ የረሃብ ፊልም ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ የታየው ከዚያች ከተማ ነበር። ለረሃቡ እርዳታ የዘፈነው ባንድ ኤይድም፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ የተካሄደው የላይቭ ኤይድ ኮንሰርትም የተነሱት ከዚያ ምስል ነው። አያ ያኔ ልጅ ሆነው ከእናታቸው ጋር እዚያ ነበሩ።

"ነጮቹ ትከሻቸው ላይ ትልልቅ ካሜራ ተሸክመው በመካከላችን ይዞራሉ። እኔን ያንሱኝ አያንሱኝ አላውቅም። ከኋላችን የነበረው ምንድን ነው? አቧራና ድንኳን። ያኔ ነበር ማደብዘዝ! ዛሬ ስልሳ ቆርቆሮ መትቼ ታደበዝዝብኛለህ?"

መልስ አልነበረኝም። ሌንሱን ነቅዬ 18-55ቱን ገጠምኩ፤ አቧራ እንዳይገባ ጀርባዬን ለነፋሱ ሰጥቼ፣ በኩታቸው ተጋርጄ። ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 8 አጠበብኩት፤ 18 ሚሊሜትር ላይ አድርጌ ከ2 ሜትር ትንሽ አለፍ ያለውን ነገር ፎከስ አደረግኩ። እንዲህ ሲሆን ከ1 ሜትር ወዲያ ያለው ሁሉ ጥርት ይላል፤ እስከ ዞብል ተራራ። ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። አያ የሚታየው ቦታ መስፋቱን ሲረዱ ሥራ አበዙ። በሬዎቹ ይምጡ ተባለ። የውሃ መሳቢያው ሞተር ከጎተራ ወጥቶ በስተቀኝ ተቀመጠ። ባለቤታቸው ነጠላ ቀይረው መጡ፣ ልጆች ተሰለፉ፣ አንዷ ፍየል ሳትጠራ ገባች። ቀጭ። ስክሪኑን አዩት።

"እግሬ ሙሉ ነው?"

"ሙሉ ነው፣ አያ።"

"ቆርቆሮው?"

አጉልቼ አሳየኋቸው። 18 ሜጋፒክስል እዚህ ላይ ነው የሠራው፤ ምስማሩ ሳይቀር ይታያል። አያ ራሳቸው ከበሩ ፊት የጣት ግማሽ የምታህል ነጭ ነገር ሆነው ቆመዋል። "እሰይ፣ ይሄ ፎቶ ነው" አሉ።

"በል አሁኑኑ በኢሞ ላክለት" ሲሉ ደግሞ ሌላው ጉድ ወጣ። 100ዲ ዋይፋይ የለውም። ፎቶውን ከውስጡ ለማውጣት ካርድ ሪደር ይዞ ከተማ፣ ሙዚቃ የሚጭኑት ልጆች ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። አያ በሬ ያህል ዋጋ የሚጠየቅበት ዕቃ አንድ ፎቶ ሪያድ መላክ አያውቅም ሲባል ሊያምኑኝ አልቻሉም። በመጨረሻ የካሜራውን ስክሪን በስልኬ አንስቼ ላክሁት። ቅቤው አብሮ ተነስቷል። ልጁ ወዲያው ደወለ። የመጀመሪያ ቃሉ "በሩን ሰማያዊ ማን ቀባው?" የሚል ነበር። አያ ወደ እኔ ዞረው አዩኝ፤ ምንም አላሉም፤ ማለትም አላስፈለጋቸውም።

ማታ ለድርድር ተቀመጥን። የአክስቴን ልጅ ጉድለቱን ሁሉ ዘረዘርኩለት፤ ነጠብጣቡን፣ ዋይፋይ ማጣቱን፣ የትንሿ ጣቴን በደል። እሱም በሬ እንደሚሸጥ ሰው ሰማይ ሰማይ እያየ ሰማኝ። ሦስተኛው ቡና ላይ ዋጋ ተቆረጠ።

ካሜራውን ከነ18-55ቱ ወስጄዋለሁ፤ ከጥር ጀምሮ ሰርግ አነሳለሁ፣ እግርም ቤትም አልቆርጥም። ባለ 50ው ግን ለባለቤቱ ተመልሷል። ሌንሱ ንጹሕ ነው፣ ሻጋታ የለውም፤ ከኋላዬ ያለው ባይታይ ይሻላል የሚል ሰው ካለ ቆቦ ብቅ ብሎ የአክስቴን ልጅ ይጠይቅ። ወላሂ ብሎ ከማለለት ግን መጀመሪያ ይሞክረው።